ወደ ግራ ስታጠፍ ብቻ

ኅዳር 12 ቀን 1955
ጌታዬን አቶ ዘይኑዲንን በጂፗ ጎብዬ ገበያ አድርሼ መለስኩ። ፀሐይ፣ አቧራ፣ እንደ ወትሮው። በመንገድ ላይ እነ ቆንጅት ቤት ቆሜ ለራዲያተሩ ውሃ ለመንኩ። እንዲህ ውሃ ስለምን ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፤ ራዲያተሩ ግን አያፈስም።
ቆቦ ገብቼ ወደ ግቢው ስታጠፍ ከፊት በኩል ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። መሪውን ሳቃና ጠፋ። ጠጠር ይሆናል።

ኅዳር 13
ጠጠር አይደለም።

ኅዳር 15
ወደ ቀኝ ስታጠፍ ዝም። ወደ ግራ ስታጠፍ ቀጭ ቀጭ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። እንግዲህ ከጎማው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት። በቆቦ መንጃ ፈቃድ ያለን ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ እንዲህ አይመራመሩም።
ጌታሁን ጋ ወሰድኳት። እስከ አምና የልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚጠግነው። ዘንድሮ «ሁሉም መኪና ነው» ብሎ ጂፕ ጀምሯል። ጆሮውን ጎማው ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። መኪናዋ እኮ ቆማለች...
«ኩሽኔታው ነው።»
«እርግጠኛ ነህ?»
«ካልሆነም ስንፈታው እናያለን።»

ኅዳር 19
በክሪክ አነሳናት። ጎማውን አወለቅን፣ ኩሽኔታውን አጥበን ግራሶ ሞላነው። እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኛለሁ። ስንገጥም አንድ ቡሎን ተረፈ። ጌታሁን «ትርፍ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው።
ቀጭ ቀጭ።

ኅዳር 24
ዛሬ ለቆንጅት ሽማግሌ ላክሁ። ላክሁ ማለት... ራሴ ነድቼ ወሰድኳቸው። ጠያቂው አብሮ መሄዱ ነውር ነው፤ ግን ሌላ ማን ይንዳ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ወልደ ሚካኤል፣ መላ አመጡ። ከመኪናው አልወርድም፣ አልናገርም፣ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ሾፌር ብቻ እሆናለሁ።
ወደ እነ ቆንጅት ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ሌላ መግቢያ የለውም። ታጠፍኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ... አባቷ ጋሽ አራጌ በር ላይ ቆመው ሰሙን። የግመል ነጋዴ ናቸው።
«ጉልበቷ ይጮሃል» አሉ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።
አባ ወልደ ሚካኤል የመጡበትን ተናገሩ። ጋሽ አራጌ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው፣ «ጉልበቷ የሚጮህ ግመል እየነዳ የሚዞር ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ደንቆሮ። ልጄን ለየትኛው ልስጥ?» አሉ። «የአላማጣው ሙሉጌታም ጠይቆኛል። የሱ ግመሎች አይጮሁም። ጥምቀት ሳይደርስ ዝም ካላሰኛት ለሱ እሺ እላለሁ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት ሾፌሩን ነበር።
ስመለስ አልቅስ አልቅስ አለኝ። ቆንጅትን እወዳታለሁ። ከዚህ ደብተር ሌላ ለማንም አልነገርኩም... ለሷም ቢሆን የነገርኳት ስለ ራዲያተር ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 3
ወደ ግራ መታጠፍ ትቻለሁ። ወፍጮ ቤት ለመድረስ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ዞርኩ።
አቶ ዘይኑዲን ከጎኔ ሆነው፣ «ካሳው፣ ይሄን የአህያ በረት ቅድም አላየነውም?» አሉ።
«አዲስ መንገድ ነው ጌታዬ።»
«አብሽር፣ አልቸኮልኩም። ግን ወፍጮ ቤቱ እዚያ ጋ ነበር።»

ታኅሣሥ 20
ጌታሁን ሐሳቡን ለወጠ። ሰሚያሴው፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ነው አለ። ከአስመራ በጭነት መኪና አስመጣን፤ ሁለት ቀን ታግለን ገጠምን። አዲስ ሰሚያሴ፣ አዲስ ግራሶ።
ቀጭ ቀጭ። ጌታሁን «ጥሩ ነው፣ ሰሚያሴው እንዳልሆነ አወቅን» አለኝ። በክሪኩ ብመታው ምን እሆናለሁ?

ጥር 6
የገበያ ቀን።
ጋሽ አራጌ ቆቦ ገበያ ግመል ሊሸጡ መጥተው አገኙኝ። መሸሽ አልቻልኩም፤ መሸሻው ወደ ግራ ነበር።
«አዙራት እስቲ» አሉኝ።
በከብት ተራው ሜዳ ላይ አዞርኳት። ግመል ሲገዙ እንደሚያደርጉት ዱላቸውን ይዘው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ከጎኗ ተራመዱ። ሰው ተሰበሰበ። «ቁም!» አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው በሆዳቸው ተኙ፤ ከግራው ጎማ ጀርባ እጃቸውን ሰደዱ። ባሌስትራው ላይ፣ መኪናዋን በተሸከመው ድርብርብ ብረት ላይ፣ የታሰረ፣ ጭቃ የደረቀበት ነገር ጎትተው አወጡ። እኔና ጌታሁን ስንት ጊዜ አይተነው የባሌስትራው አካል ነው ብለን ያለፍነው...
በጣታቸው ጠረጉት። ዛጎል የተደረደረበት ጠፍር። ወደ ግራ ሲታጠፍ ጎማው እየገጨው ኖሯል።
«የግመሌ ያንገት ማሰሪያ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከኅዳር ጀምሮ እፈልገዋለሁ። ስንቱን ሌባ ስል ከረምኩ።» ቋጠሮውን አገላብጠው አዩ። «እንዲህ አድርጋ የምትቋጥር አንዲት ሰው ናት።»
ጠፍሩን ብብታቸው ከተው ሄዱ።
ጌታሁን፦ «እኔም እኮ ከጎማው አካባቢ ነው ብዬ ነበር።»

ጥር 7
መኪናዋ ዝም ብላለች። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። ቆንጅትን ምን ይሏት ይሆን?

ጥር 10
ጋሽ አራጌ አስጠሩኝ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ባርኔጣ ሄድኩ።
ቆንጅት ምሰሶውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ጠፍሩ መደብ ላይ ነው።
«በፊቱ ተናገሪ» አሏት። «ለምን አሰርሽው?»
«ሲመጣ እንድሰማው ነው፣ አባ። ሳልሰማ መጥቶ ሄዶ ያውቃል።» ከዚያ እኔን ቀና ብላ አየችኝና፣ «መንገዱን ሙሉ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ለመኪና የት እንደሚታሰር ማን ነገረኝ?» አለች።
ባርኔጣዬን ልደፋ እጄን ሰደድኩ፤ የለም።
ጋሽ አራጌ ጺማቸውን አሻሹ። ለሙሉጌታ ምን እንደሚሉ እያሰቡ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ፣ «ምልክት የተደረገበት ግመል ባለቤት አለው፤ ለሌላ አይሸጥም» አሉ። ለኔ የሚናገሩ መስሎኝ ወገቤን አስተካከልኩ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው፣ በዱላቸው እኔን እያመለከቱ፣
«በይ ውሰጂው» አሏት።
ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።