የታመመ ሰው በቀጠሮ አይጠየቅም

ታዴ ጌታዬ፣

እንዴት ነህ ማለት ለምዶብኝ ነው እንጂ ከእንግዲህ አንተ ምን ትሆናለህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። የሳሎኑን ሶፋ ቀየርኩት፤ እንዳትቆጣ። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ጎን ወለሉ ድረስ ሰምጦ፣ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር እጁን ይዞ ጎትቶ ማስነሳት ሰልችቶኝ ነው። መኪናህንም ኦክላንድ መሀል ከተማ ባቆምኳት አንድ ቀን መስታወቷን ሰብረው የስብከት ሲዲዎችህን በሙሉ ወሰዷቸው። ሌባው ከሰማቸው ንስሐ ይገባል፣ ካልሆነም እንቅልፍ ይወስደውና ያን ቀን እንኳ ሳይሰርቅ ይውላል ብዬ ተጽናናሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስትሄድ የልጃችን የኪሩ ነገር ልብህ ውስጥ እንደነበር አውቃለሁ። መጋዘን ሲሠራ ወገቡን አሞት የጀመረው ኪኒን ወደ ባሰ ነገር ወስዶት፣ አንተን ስንቀብር እንኳ የት እንዳለ አናውቅም ነበር። ከአርባህ በኋላ ራሱ ደወለልኝ። ከድልድዩ ማዶ፣ ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ አንድ የማገገሚያ ቤት ልገባ ነው አለኝ። ደስታዬን ምን ልበልህ። ግን የቤቱ በር አይቆለፍም፤ የመረረው ሰው በፈለገው ቀን ሻንጣውን ይዞ መውጣት ይችላል። ኪሩ ደግሞ የጀመረውን የመጨረስ ነገር ከአንተ አልወረሰም፤ አንተም ራስህ የጓሮውን አጥር ግማሹን ብቻ ቀብተህ ነው የሄድከው።

ለእድሩ ሴቶች ልጄን ሱስ ይዞት ነው ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ጨጓራውን ታሞ ተኝቷል አልኳቸው። ከእኛ ሰው መሀል በጨጓራ የማይጠረጠር ስለሌለ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር። ታሟል ከተባለ ግን መጠየቅ እንዳለ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። የት ነው የተኛው ብለው ሲያፋጥጡኝ ደንግጬ አድራሻውን ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ተጠራርተው፣ እኔንም ይዘው በሦስት ሚኒቫን እዚያ ደረሱ። አጥሚት፣ አልጫ፣ ተልባ፣ ለጨጓራ አይከብድም የተባለ ነገር ሁሉ ተይዟል። በሩ ላይ የቤቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ጽሑፉን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ይሄስ በሽታ አይደለም እንዴ ብለው ድስታቸውን እንደታቀፉ ወደ በሩ ሄዱ።

የቤቱ ማናጀር፣ ሪክ የሚባለው፣ ከእንቅልፉ ገና የተነሳ ይመስል ነበር። ያለ አፖይንትመንት መግባት አይቻልም አለ። እትዬ አስካለ የታመመ ሰው በቀጠሮ አይጠየቅም ብለው በአማርኛ መለሱለትና በክንዱ ሥር አልፈው ገቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሪክ ጥግ ይዞ ይቅርታ ጠየቀን።

ቤቱ ግን ታዴ፣ የማገገሚያ ቤት አልነበረም፤ ሰው ተጥሎ የሚረሳበት ነበር። ፍሪጁ ውስጥ ለስላሳና የተበላሸ ወተት። ግድግዳው ላይ ጥሩ ፕሮግራም ተለጥፏል፤ አማካሪው ግን ከመጣ ቆይቷል። ሰዎቹ የሚሠሩት አጥተው ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣሉ፤ ሲሰለቻቸው ሰፈሩን ይዞራሉ። ከየደጁ እሽግ ዕቃ ይጠፋል፣ ጎረቤትም ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል። የከተማው ተቆጣጣሪ የሚመጣው ቀኑን አስታውቆ ስለሆነ፣ ያን ቀን ጠዋት ቤቱ ይወለወላል።

የቤቱ ሰዎች እንደኛ ሴቶች ያለ ተቆጣጣሪ ግን አይተው አያውቁም። አንተን ሆስፒታል ሊጠይቁህ ሲመጡ ነርሷ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ስትል ኮሪደሩን ሞልተውት፣ አንተ የተኛህ መስለህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እኔ ግን ቅንድብህ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ከሄዱ በኋላ ግን ማን ቀረ ብለህ በስም በስም ጠየቅከኝ።

በየቅዳሜው መሄድ ጀመርን። አንዳንዴ ማክሰኞም፣ ያለ ምክንያት። እትዬ አስካለ ፍሪጁን ይከፍታሉ፣ አንሶላውን ያሸታሉ፣ ከዚያ አማካሪው የታል ብለው ሪክ ፊት ይቆማሉ። መልሱ ባይገባቸውም እስኪጨርስ ያዩታል። ሪክ በመጨረሻ አማካሪውን አመጣው፤ ለሰዎቹ ሳይሆን ለእሳቸው ብሎ። እዚያ ከሚኖሩት ክንዱ በሙሉ የተነቀሰ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ደግሞ እናቱ በሕይወት እንዳሉ፣ ለምን እንደማይደውልላቸው እስኪናገር ተመረመረ። ያን ቀን ደወለላቸው።

ኪሩ ብቻ አፈረ። እማዬ፣ ፕሊስ፣ ኢምባረስ እያደረጋችሁኝ ነው ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ሻንጣውን አጠገቡ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ከዚህ ከወጣ የት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁንም ልቀብር ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ አስካለ ምንም አልጠየቁትም። አጠገቡ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ፣ ልጄ ይቺን ድስት አስገባልኝ፣ ደረጃው ገደለኝ አሉት። ድስቱን አየው። ከዚያ ተነስቶ አስገባላቸው። ሻንጣውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሳያየኝ።

በኋላ ጎረቤቶቹ እንዲህ ያሉት ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ስላሉ ከተማው ስብሰባ ጠራ። እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ተነስቼ ተናገርኩ። ብትዘጉት ሰዎቹ የሚሄዱት መንገዳችሁ ላይ ነው አልኩ። አማካሪ በየቀኑ ይገኝ፣ ሌሊት የማይተኛ ተረኛ ይኑር፣ ቤተሰብም ተቆጣጣሪም ያለ ቀጠሮ ይግባ አልኩ። የከተማው ሹሞች ተነጋግረው ለማገገሚያ ቤቶች ሁሉ ደንብ አደረጉት። እትዬ አስካለ የእድሩ ደንብ ነው እያሉ ያወራሉ። ስርቆቱ ቀርቶ እንደሆነ ፖሊሶቹን መጠየቅ ይሻላል፤ እኔ የማውቀው ዕቃ ይጠፋባት የነበረችው ጎረቤት አሁን ራቅ ስትል እሽጓን ተቀበሉልኝ ብላ ለቤቱ ሰዎች አደራ እንደምትሰጥ ነው።

ኪሩ ጨርሶ ወጣ። ካምቤል ከተማ ጎማ ቤት ይሠራል፣ ከእኔ ጋር ይኖራል። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ዛሬ ግን ደህና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን ይሄዳል። አዲስ የገባና ጠያቂ የሌለው ሰው ካለ መጀመሪያ የሚያናግረው እሱ ነው።

አንተን ማሰብ የምተው እንዳይመስልህ። ስምህ በየዓመቱ ቅዳሴ ላይ ይጠራል፣ ግማሹ አጥርም እንዳለ ይቆያል፤ ማንም እንዲቀባው አልፈቅድም።

ትናንት ኪሩ መቃብርህ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። እሑድ ይመጣል። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ስትቀበር ያልነበረው ልጅህ ነውና የሚለው ብዙ ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ይለዋል፣ መሀል ላይም ዝም ይላል። እባክህ ታዴ፣ አሁን እንኳ እስኪጨርስ አታቋርጠው።

ያንተዋ
ዘውዴ