አርባ አጋንንትና አለቃቸው

ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ
የካቲት 1995 ዓ.ም.

ለልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠና? ወተትሽስ ለልጅቱ ይበቃታል? እንኳን ማርያም ማረችሽ። በእኛ ወግ እንዲህ አይባልም፤ ለአንቺ የሚባለው ግን ይኸው ነውና ተቀበይኝ። እኔም ባለቤቴ ጎበዜም ሁለቱ ልጆቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርምብኛል።

ደብዳቤሽን ዲያቆን ደረሰ ሰጠኝ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ መንገድ የጠፋው እንግዳ መስሎኝ ነበር። ለካ ባልሽ እዚያ ማገልገል ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ጧት በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በግንባችሁ ሥር እያለፍኩ ሥራ ስገባ አንቺ ከውስጥ ታይኝ ነበር። በአረማመዴ ለይቼሻለሁ፣ መጥራት ግን ፈራሁ ብለሻል። ስልክ ቁጥርሽን ከታች ጽፈሽልኛል፤ አልደወልኩም። በስልክ ቢሆን ወይ አለቅስብሻለሁ ወይ እሰድብሻለሁ፣ ሁለቱም ለአራስ አይሆንም።

የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጅሽ ሰማንያ ቀኗን ሳትሞላ መጥቼ እንዳያት። ለሴት ልጅ ሰማንያ መሆኑ በእናንተም በእኛም አንድ ነው፣ ስለዚህ ቀኑን መቁጠር አላቃተኝም። መልሴን እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ግን ምን ስሠራ እንደከረምኩ ስሚኝ። እኔ፣ ቡዳ ያላችሁኝ ሴት፣ የአጋንንት ጦር ሳደራጅ ነው የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጸዳው ከእናንተ ግቢ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ የጨዋታ ሱቅ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጢማቸውን ያሳደጉ ጎልማሶች አልጋ በሚያህል ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ጠረጴዛው ላይ ተራራ አለ፣ የፈረሰ ከተማ አለ። ሁሉም አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮቹን ይደረድርና ቁጥር ያለበትን ዳይስ እየጣለ፣ በሜትር እየለካ ያዘምታቸዋል። ሥራ በዝቶብኝ ቆይቼ መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ እነዚህ ሰዎች ሚስት የላቸውም ወይ ብዬ ጎበዜን ጠየቅሁት። የሱቁ ባለቤት ያይር ይባላል፤ የእሱ ጦር የአጋንንት ነው። አንድ ጧት አቧራ ስወለውል አንዱን ጋኔኑን ጣልኩትና ቀንዱ ተሰበረ።

ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ደነገጥኩ። መጠገኛ ስፈልግ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ እንደ ሪባን የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ። ሁለቱን አብረሽ ስታሺው አረንጓዴ ጭቃ ይወጣዋል፣ በማግስቱ ድንጋይ ነው። እሳት የለ፣ ኩበት የለ፣ ነፋስ መጣ አልመጣ ብሎ ሰማይ ማየት የለ። እናቴ ይህን ሳታይ በመሞቷ አዘንኩ። ቀንዱን ሠርቼ ተከልኩለት።

ያይር ወዲያው አወቀ። ጋኔኑን መዳፉ ላይ አድርጎ አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር አለኝ። ሸክላ ሠሪ ነበርኩ አልኩት። ቡዳም ነበርኩ አላልኩትም። ለሐኑካ በዓላችን ቴል አቪቭ ላይ ውድድር እንዳለ፣ ማንም የሌለውን ጦር ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አርባ አጋንንትና አንድ አለቃ፣ ሁሉም በእጅ የተሠሩ፣ ሠሪዋም እኔ። ሽቦ እንደ አጥንት አጣጥፌ ጭቃውን እንደ ሥጋ ማልበስ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጭቃ ያልነካው እጄ አንዲት ቀን እንኳ አልተሳሳተም፤ ይህን ስጽፍልሽ እየኮራሁ ነው።

ግን ጋኔን ምን ይመስላል? ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅ። የማውቀው አንቺ ወንዝ ዳር የነገርሽኝን ነው። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩሻል፣ ሰይጣን ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ነው ያለው ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም አንድ አንድ ዓይን አደረግኩላቸው። ያይር የመጀመሪያዎቹን አምስት እያገላበጠ ሌላው ዓይናቸው የታለ ሲለኝ፣ ጋኔን አንድ ዓይን ነው አልኩት። ያ እኮ ግድግዳ ላይ ሲሣል ነው፣ ይኼ ግን ይዞራል ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ብታዞረውም ጋኔን ጋኔን ነው አልኩት። መሬት እስኪቀመጥ ሳቀ፣ እንዳሉም ተዋቸው።

ፊታቸውን ደግሞ ከሰፈራችን ሰዎች ወሰድኩ። የእናቴን እንስራዎች ከገበያ ያስጣለው ጭቃ ሹም አለ። ውሃ ወረፋ የምትነሳን እናና አለች፤ አፏን አልቀነስኩላትም። እዚህ አገር በገባሁ ሳምንት ስሜን ሳትጠይቀኝ ሲጋል በሚል የዕብራይስጥ ስም የመዘገበችኝ ጸሐፊም አለች፣ ክንፍ ጨመርኩላት። ደስ ብሎኝ ሠራኋቸው፣ አልዋሽሽም። ለአለቃው ያሰብኩት ግን ያንቺን ፊት ነበር።

አትደንግጪ፣ አንብቢ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ በእኔ በኩል ሆነሽ ግን ሰምተሽው አታውቂም። አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። የእኔ ሰዎች ክርስቲያን አትንኪ ይሉኝ ነበር፣ ያንቺ ሰዎች ፈላሻ አትጠጊ ይሉሽ ነበር። ስንቴ ታጥቤ ስንቴ ተመልሼ እንደነካሁሽ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ንዳድ ያዘሽ። ማን ነው የበላሽ እያሉ አጨሱብሽ፣ አንቺም ስሜን ጠራሽ። ሦስት ጊዜ ጠራቻት ብለው መጡብን። ለማድረቅ ያሰጣነውን ሸክላ በሙሉ ሰባበሩት። እናቴ እኔን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። በሳምንቱ ወደ አጎቴ አገር ተሰደድን። አንቺ ዳንሽ አሉ፤ መዳንሽም ማስረጃ ሆነብን።

ከሁሉ የከፋውን ልንገርሽ፤ ለጎበዜ እንኳ ያልነገርኩትን። አመንኳቸው። በዚያ ሳምንት በጨሌሽ ተጣልተን ነበር፤ አንገትሽ ላይ ሲያምር አይቼ ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ስለዚህ ዓይኔ ነው የበላት ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ አራስ ልጅ አላይም። የራሴን ሁለቱን እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያጠባኋቸው። ጎበዜ የአገር ቤት ሴት ሐፍረት ይመስለዋል።

እና አለቃውን ልሥራ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀንድ አበጀሁለት፣ መንጋጋውን አሰፋሁ፣ ጥርስ ሞላሁበት። ፊቱ ላይ ስደርስ አንቺ ስትስቂ የሚሰረጎደው ግራ ጉንጭሽ መጣ። አፈረስኩት። እንደገና ሠራሁ፣ እንደገና መጣ። በሦስተኛው ቀንዱንም ጥርሱንም አንስቼ እጄን ለቀቅሁት። ሲያልቅ ባየው ሁለት ዓይን አድርጌበታለሁ፤ መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም። ያይር ብዙ አየውና፣ “ይቺ ጋኔን አይደለችም። ሰው የምትጠብቅ ነው የምትመስለው” አለኝ። አለቅነቱን ለእናና ሰጠናትና ቴል አቪቭ ዘመተች፣ ሦስተኛ ወጥታ ተመለሰች። አንቺ የእኔ ቤት ማቀዝቀዣ ላይ ቆመሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የዛሬ ዓመት፣ ከጋኔኖቹም ከደብዳቤሽም በፊት፣ የሐሞት ጠጠር አውጥተውልኝ ነበር። ከማደንዘዣው ስነቃ አልጋው ላይ እየተገላበጥኩ የአንድ ሰው ስም ስጠራ ኖሯል። ነርሷ ይቺ ሴት ካለች አምጧት ብላ ጎበዜን ትይዘዋለች። እሱ ምኑን ያውቃል፣ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ከነቃሁ በኋላ ማን ናት ሲለኝ አላውቃትም አልኩት። ስሙ ያንቺ ነበር። ያን ጊዜ ተናድጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አሁን አሁን፣ በሽተኛ ሲጠራ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳስብ እጄ ሥራ ይፈታል።

መልሴ ይኸው። አርብ ጧት፣ ሰንበት ሳይገባብኝ እመጣለሁ። ለክርስትናው ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ይህን ከአሁኑ እወቂልኝ። ቤትሽ ግን እገባለሁ፣ የአራስ ገንፎሽንም ራሴ አገነፋለሁ፤ ያንቺ ገንፎ ድሮም ይጓጉላል። ግቢው ውስጥ አገራችንን የሚያውቁ አሮጊቶች አይጠፉም። ማን እንደመጣች ሲያዩ የልጅቱን ፊት ሸፍኚ ይሉሻል። ብትሸፍኚያት አልቀየምሽም፣ እናት ነሽ። ብትሰጪኝ ግን እኔም ፈርቼ ነው የምቀበላት፤ እጄን ደግፊልኝ።

ልጅሽን በዕድሜ በጸጋ ያሳድግልሽ። ጡትሽን ወተት፣ ቤትሽን ሰላም ይሙላው። ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዲያቆን ደረሰንም አመስግኚልኝ።

ስትጠሪኝ ያልመጣሁት፣
ጓደኛሽ