ለፉሪ ምንጭ አጥር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የውሃ ፕሮጀክቱ አማካሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤
አዲስ አበባ

መንገዱ በተቃውሞው ከተዘጋ ወዲህ ጤናዎ፣ የሆቴል ስብሰባዎችዎና የመኪናዎ መስታወት እንደምን ሰነበቱ? እኛ ፉሪዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከውሃ ጥም በቀር ደህና ነን። የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው።

1. ባሕር ማዶ ያሉ ደግ ሰዎች ለምንጫችን የላኩት እርዳታ በእርስዎ፣ እርስዎ በቀጠሩት ሌላ አማካሪ፣ እሱም በቀጠረው ሥራ ተቋራጭ እጅ አልፎ፣ እኛ ዘንድ የቆርቆሮ አጥርና አንድ ጓጉንቸር ሆኖ ደርሷል። ያን ያህል ተጉዞ ባዶ እጁን አለመምጣቱም ትልቅ ነገር ነው።

2. «ኅብረተሰቡ እጁን አውጥቶ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ስለሚለው ሪፖርትዎ። የስብሰባው ዕለት ቧንቧ ሳይዘረጋ ምንጩ አይታጠርም ብለን፣ ተከራክረን፣ ልንበተን ተነሣን። በእኛ ዘንድ ግን የተጣላ ጉባኤም ቢሆን ሽማግሌ ሳይመርቀው አይበተንም። ሽማግሌያችን ኦቦ ዳዲ ቆመው «ያጣላን ይራቅ፤ ምንጩ አይንጠፍ፤ እንግዳውም በሰላም ቤቱ ይግባ» ሲሉ እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን። የላኳቸው ባለሙያ ፎቶ ያነሡት ይህንን ነው። ኦቦ ዳዲ ሪፖርቱ ሲነበብላቸው «ታዲያ ብረግማቸው ኖሮ ምን ሊሠሩልን ነበር?» አሉ። ጥያቄውን አሁንም አስበዋለሁ።

3. ሥራው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ምክንያት መቋረጡን ጽፈዋል። ተቋራጩ የጓጉንቸሩን መክፈቻ ኪሱ ከትቶ የሄደው በክረምት ነው፤ ወጣቶቹ አደባባይ የወጡት በኅዳር። የሚመጣውን አስቀድሞ አውቆ ኖሯል። ለነቢይ የአማካሪ ክፍያ አይበዛበትም።

ልመናዬ አንድ ነው። ጎረቤቴ ተስፋነሽ ምንጩ ቢቆለፍባት ከፋብሪካ ፍሳሽ ቦይ ቀድታ ያጠጣችው ሕፃን ልጇ ታሞ ተኝቷል። መክፈቻውን ይላኩልን። መንገዱ ለመኪናዎ ቢዘጋ ለአንድ መክፈቻ አይዘጋም።

ስሜን ልጻፍ ወይስ ልተው ብዬ አመነታሁ። ጊዜው እንዲህ ነው። ጻፍኩት።

ለቀጣዩ ጥናትዎ ብርታትን፣ ለእኛም ከጥናትዎ ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አሥራት መኮንን
ፉሪ

ማስታወሻ፦ በጋዜጣ ይድረስዎ ያልኩትን ይህን ደብዳቤ ገና ሳልሰጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ተስፋነሽ ጓጉንቸሩን ሰብራ ቀድታለች፤ እኛም ጀሪካን ይዘን ተከትለናታል። «አጥሩን ሁከተኞች አወደሙት» ብለው እንዳይጽፉ አደራ፤ ዛሬ ዛሬ እንዲህ ያለች ዐረፍተ ነገር ሰው ታሳስራለች። ይልቅ «ኅብረተሰቡ ውሃ አገኘ» ብለው ይጻፉ። በሪፖርትዎ ውስጥ የመጀመሪያው እውነት ይሆናል።