አንድም ተማሪ አላቋረጠም

ውድ ልጄ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ስለምትለዪው ይቅር። ወንድምሽስ ሳሉ ለቆታል፤ አፉም ተመልሶለት ይሳደባል። የከፋኝ ሌላ ነው።

ትናንት አንቺ የተማርሽበት፣ እኔ የማጸዳው ትምህርት ቤት ተሸለመ። አዲሱን የመንግሥት መመሪያ ታውቂው የለ? ተማሪ ያቋረጠበት በጀቱ ይቀነሳል፣ ያላቋረጠበት ይሸለማል የሚለውን። ለእኛ ብጤ ደሃ ልጆች ታስቦ ነው ሲሉ እኔም እሰይ ብዬ ነበር፤ ልጄን የሚይዝልኝ ተገኘ ብዬ።

ወንድምሽን ስታስታምሚ ከርመሽ ወደ ክፍል የተመለስሽበት ጠዋት ከዓይኔ አይጠፋም። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ አንቺን ዘለሉሽ። የረሱሽ መስሎሽ እጅሽን አውጥተሽ «እኔም አለሁ» አልሽ። ልጆቹ ሳቁ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተውኝ «እህቴ፣ ለፈተናው አትደርስም፤ ወደ ማታ አዛውረናታል» አሉኝ።

«በዚህ ሰፈር የማታ ትምህርት የት አለና፣ ጌታዬ?»

«ይከፈታል።»

ላም አለኝ በሰማይ! የተዛወረ አቋረጠ አይባልማ። ይኸው አንቺም የሰው ቤት ሰሃን አጣቢ ሆነሽ ቀረሽ።

ትናንት እንግዶቹ ሲመጡ የውሃ ብርጭቆ በትሪ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። ርእሰ መምህሩ «ዘንድሮ አንድም ተማሪ አላቋረጠም!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘበኛው በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «አጨብጭቢ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለኝ።

«በየትኛው እጄ?» አልኩት። ሳቀ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ትሪውን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ፤ ልክ እንዳንቺ። «የኔ ልጅ የለችም!» አልኩ። ድምፄን ጭብጨባው ዋጠው። ከፊት የተቀመጡት ትልቁ እንግዳ ብቻ ዞር ብለው እጄን አዩና ፈገግ አሉ።

«እናቴ፣ ወዲህም ውሃ» አሉኝ።

ወሰድኩላቸው። ምን ላድርግ?

ዩኒፎርምሽን ጠርዙን ተርትሬ አስረዝሜዋለሁ፤ የሰው ቤት ሥራ ቁመት አይከለክልም መቼም። ምዝገባ ሲጀመር ሄጄ እጠይቅልሻለሁ። ይቀበሉሻል ብዬ አልዋሽሽም። ልብሱ ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ስምሽን ጠርታ የማትጠግበው እናትሽ