የፈላው ጠበል

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ዘርአ ዳዊት፤

ከተለያየን ሁለት ፋሲካ አልፎ ሦስተኛው እየመጣ ነውና ናፍቆቴን በሰላምታ ብቻ አልወጣውም። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ያ ጉልበትዎ በጎሬ ዝናብ ባሰበት ወይስ ተሻለው? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እናቴስ ደኅና ናት? ሳሏ ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። እስከ ዛሬ ደግ ደጉን እየመረጥኩ ነበር የምጽፍልዎ፤ ዛሬ ግን ጭንቀቴን ልነግርዎና እርዳታዎን ልለምን ነው።

እንደሚያውቁት እዚህ አንኮበር ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹ መጽሐፉን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል፤ የተጻፈውን ነገር ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርቱን የእጅ ሥራ አደረግሁት። ከቆርቆሮና ከሽቦ ሚዛን ሠራን። ከተሰነጠቀ እንስራ፣ ከአሸዋና ከከሰል የውሃ ማጥለያ ሠራን። የተጣራውንና ያልተጣራውን ውሃ እንዲያነጻጽሩ ብዬ ከደብረ ብርሃን አንድ ማይክሮስኮፕ ተውሼ አመጣሁ፤ በዓይን የማይታየውን ረቂቅ ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት ስለሆነ የአንኮበር ጉም እስኪገለጥ ሦስት ቀን ጠበቅን።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ከሚጠጣው ውሃ በጠርሙስ እንዲያመጣ አዝዤ ነበር። ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም በካህናት ቤት ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚጠጣ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ሳለሁ አላሰብኩትም።

መጀመሪያ የታየው የዓወል ውሃ ነበር። ዓወል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እዚህ አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል። በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይርመሰመስ ነበር። ወለተሐና የምትባለው ተማሪዬ አየችና «ዓወል፣ ያንተ ውሃ የአሊዩ አምባ ገበያ ነው፤ መተላለፊያም የለው!» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። እሱም «ገበያተኛ አትናቂ፤ ይልቅ እስቲ ያንቺን ሰፈር ያሳዩን» አላት። የእሷም ውሃ ታየ። በእሷም ውሃ ውስጥ ረቂቅ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። ሳቋን አቋርጣ «ጋሼ፣ ሆድ የሚያሳምሙት እነዚህ ናቸው?» አለችኝ። «ከእነዚህ መካከል የሚያሳምሙ አሉ፤ ውሃው ከፈላ ግን ይሞታሉ» አልኳት። ከየት እንደቀዳችው አልጠየቅኋትም።

የወለተሐና አባት የዜማ ጓደኛዎ የነበሩት ቄስ ገብረአማኑኤል ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ከጥር ጀምሮ ሆዳቸውን ታመው ጠዋት ጠዋት ጠበል ይጠጣሉ። ልጂቱ በጠርሙስ ያመጣችው ይህንኑ ጠበል ኖሯል። በማግስቱ ቄሱ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ድስት ተጥዶ አገኙ። ምን እንደሆነ ቢጠይቋት «የእማዬ ጠበል ነው፤ እንዳያማት አፈላሁላት» አለቻቸው።

ቄሱ አልመቷትም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ድስቱን አወረዱ፤ ጠበሉን ወስደው ሰው በማይረግጠው ቦታ አፈሰሱት፤ ከዚያ የልጂቱን ደብተሮች ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉ። ትምህርት ቤት ካየኋት ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው። መዘዞ ላለ አንድ ባለርስት ልጅ ታጭታለች፤ ሠርጉም ለሚያዝያ ሃያ ተቆርጧል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ከክፍሉም አንደኛዋ እሷ ነበረች። እናትየዋ እስከ ዛሬ አልተሻላቸውም፤ አልባሰባቸውምም።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ቄሱ «የዘርአ ዳዊት ልጅ ባትሆን በደጄ አታልፍም ነበር። ልጄን ከጸሎት ይልቅ ድስት እንድታምን አደረግሃት» ብለው መለሱኝ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ እግራቸው ላይ ሲወድቁ ለዘብ አሉና አንድ ነገር ጠየቁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሜ፣ ያ መነጽር የሌለውን ነገር እንደሚያሳይና ያስተማርኩትም ሐሰት እንደሆነ በሕዝብ ፊት እንድናገር ነው። ይህን ካደረግሁ ልጃቸውን ራሳቸው እጇን ይዘው እንደሚያመጧት በመስቀላቸው አረጋገጡልኝ። እሁድ ነገ ነው።

አባቴ፣ አልደብቅዎትም፤ ልዋሽ ቆርጬ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቃሉን በወረቀት ጽፌ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ትናንት ግን የልጂቱ አክስት አመተ ማርያም ወደ ገበያ ስትወርድ ቤቴ ጎራ ብላ የወለተሐናን መልእክት ነገረችኝ። «ጋሼ ሊዋሹልኝ ነው አሉ። እባክዎ አይዋሹ። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እርስዎ አልነበረም ካሉ እብዷ እኔ ብቻ ልሆን ነው» ብላኛለች። አክስትየዋ ይህን ካደረሰች በኋላ በራሷ አፍ «እኔ ግን ብትዋሽላት እመርጣለሁ፤ እውነት ባል ቤት አብራት አትገባም» ብላኝ ወጣች። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል። በመጨረሻ ግን የልጂቱን ቃል መረጥሁ።

ነገ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከማን ቤት ምን ውሃ እንደሚመጣ ሳላጣራ በማስተማሬ፣ በእኔም ምክንያት ጠበል እሳት ላይ በመጣዱ ምእመናኑን ይቅር በሉኝ እላለሁ። መነጽሩ ዋሸ ግን አልልም። ይህ ለቄሱ እንደማይበቃቸው አውቀዋለሁ። እንግዲህ የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ይህ ደብዳቤ ዛሬ በሚሄደው የጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ጎሬ ለመድረስ ሃያ ቀን ያህል ይፈጅበታል። ሲደርስዎ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሚቀር መልስዎ በፖስታ አይደርስም። ለቄስ ገብረአማኑኤል በደብረ ብርሃን በኩል ቴሌግራም ይምቱላቸው። እሳት የነካው ጠበል ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ በዚህ ላይ የምናገርበት ሥልጣን የለኝም። ልጂቱ ያደረገችው በድፍረት ሳይሆን ለእናቷ ሳስታ እንደሆነ ግን ምስክር ነኝ። የእርስዎን ቃል ይሰማሉ፤ ሌላ የሚሰሙት ሰው አላገኘሁም። እርስዎም ይህን ሲያነቡ ልብዎ እንደሚደማብኝ አውቃለሁ። ቁጣዎን በደብዳቤ ይላኩልኝ፤ ምልጃዎን ግን በቴሌግራም።

እናቴን ወይዘሮ አልታየችን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ይህን ወረቀት ግን ባያነቡላት እወዳለሁ። ወንድሜ ገብረአብ ድጓውን እንዴት እንደያዘው ይጻፍልኝ። ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። እህቴን ደመቀችን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። እሷም ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች በመጨረሻው ደብዳቤዎ አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ወልደተንሣኤ ዘርአ ዳዊት

አንኮበር፣ መጋቢት 14 ቀን 1955 ዓ.ም.