በእጅ አንጓ በኩል

ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እኅታችን፣ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተከታተሉ እናታችን ስለታመሙ አቋርጠው እኛን ታናናሾቻቸውን አሳደጉ፤ ጎን ለጎንም የልብስ ስፌት ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል።

ከገበያው ጀርባ በነበረችው ጠባብ ሱቃቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሴቶች ልብስ ሰፍተዋል። ልክ የሚለኩትን ሴቶች ልብስ የሚያስወልቁት ሁለት መጋረጃ ጋርደው፣ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ባለቤታቸው፣ እኔንም ያገባችኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ደረታቸውን ይጨንቃቸው ጀመር። ሐኪሙ የልባቸው ደም ሥር መጥበቡን ነገሯቸው። ቀጭን ሽቦ በብሽሽታቸው አስገብተው፣ በሽቦው መሪነት ካቴተር የሚባለውን ስስ ቱቦ እስከ ልባቸው አድርሰው የጠበበውን እንደሚከፍቱላቸውም አስረዷቸው። በቀጠሮው ጠዋት አንድ ወንድ ነርስ ምላጭና ፎጣ ይዞ አልጋቸው አጠገብ ቆመ። እትዬ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ቤት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር አጣዳፊ የሙሽራ ልብስ ይመጣባቸው ነበር። እኛም ሽቦውን የፈሩ መስሎን፣ ዕድሜዋን በመርፌ የኖረች ሰው ሽቦ ትፈራለች እንዴ እያልን አሾፍንባቸው፤ ግትር አልናቸው። እሳቸው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

በ2014 ዓ.ም. ሱቃቸውን ሲዘጉ ወደቁ። በሌላ ሆስፒታል ያከመቻቸው ሐኪም፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ሽቦውን በቀኝ እጃቸው አንጓ አስገብታ የተዘጋውን ሥር ከፈተች። እትዬ በነጋታው አንጓቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስተር አገላብጠው እያዩ፣ ያን ጊዜም በእጅ ይቻል እንደነበር ጠየቋት። ለብዙ ሰው እንደሚቻል ነገረቻቸው።

«በብሽሽት አልፈልግም ብለው ነበር?»

እትዬ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«አፈርኩ» አሉ።

ምክንያቱን የሰማነው ያኔ ነው። በክፍሉ የነበርን ሁሉ የምንገባበት ጠፋን፤ ማናችንም ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም።

ሥሩ ቢከፈትም የልባቸው ጡንቻ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ስላቃታቸው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የታናሽ ልጃቸውን ስፌት ሲተቹ ይውሉ ነበር። ይህን ነገር ለሌሎች ሴቶች እንዲነግሩ ስንለምናቸው ግን እንቢ አሉ። በመጨረሻ አልጋ ሲይዙ አጠገባቸው ለነበረው ታናሽ ወንድማቸው እንዲህ አሉ፦

«በቁሜ አልችለውም። ስትቀብሩኝ ተናገሩልኝ፤ ተኝቼ ልፈር።»

እየከበደንም ቢሆን ቃላቸውን ፈጽመናል። ከእናንተ መካከል ሐኪም ፊት አንገቱን ደፍቶ የተመለሰ ካለ፣ እባካችሁ ነገ ተመልሶ ሄዶ ሌላ መንገድ እንዳለ ይጠይቅ።

እትዬ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው እናዝናለን።

ሰውነታችንን ያበጀ አምላክ፣ የእጁ ሥራ አያሳፍረውምና፣ እትዬን በእቅፉ ይቀበልልን። ለእኛም የምንጠይቅበትን አፍ ይስጠን።