እጃቸው ሳይደርስ

ለውዷ እህቴ ለመሰረት ወልደ ጻድቅ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪሽ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄጂ ትፈቅድልሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም እንዳልልሽ ግን የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ ጀምሬው መጨረስ ስላቃተኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ምህረት ወደ ቤሩት ስትነሣ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ላክሁልሽ። እኔ እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ኮሌጅ የቪዲዮ ሥራ እንደምማር ታውቂያለሽ። የመመረቂያ ፊልሜን ስለ አባባ ሠራሁት። ኅዳር ላይ ካሜራ ይዤ ቤት ወረድሁና ቀፎ ሲከፍቱ፣ ንቦቹን ሲያባብሉ፣ አዲሱን ማር ለጎረቤት ሲያቀምሱ ቀረጽሁ። ሰቆጣ ተመልሼ ኮምፒውተር ላይ ስቆራርጥ ሰነበትሁ። የሚያዘግመውን ሁሉ ጣልሁት። ኩልል ብሎ ሲወርድልኝ ደስ አለኝ።

መምህራችን ገብረ አምላክ አንድ ሥርዓት አላቸው። ማንም ፊልሙን ከመጨረሱ በፊት ለክፍል ጓደኞቹ ያሳያል፤ እነሱ ያዩትን ሲናገሩ ባለፊልሙ ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ተራዬ ደርሶ አሳየሁ። ሙዚቃው በዝቷል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ይስማው የሚባል የአበርገሌ ልጅ፣ «አባትሽ ዕቃ ለማንሣት በተዘረጉ ቁጥር እጃቸው ሳይደርስ ትቆርጭዋለሽ። ለምንድን ነው?» አለ። ደጅይጥኑ የምትባለው ጓደኛዬ ደግሞ ከጎን ብቅ እያለ ዕቃ የሚያቀብለው የሴት እጅ የማን እንደ ሆነ ጠየቀች። ተናደድሁ። አባባ ቀስ የሚሉት ንቦቹን ላለማስቆጣት ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ፣ ሥርዓቱ አገደኝ።

የጣልሁትን ሁሉ መልሼ ቀጠልሁና ብቻዬን አየሁት። እታለም፣ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አባባ የቀፎውን ክዳን ሲፈልጉ እጃቸው ባዶ አየር ይጨብጣል። ይዳብሳሉ። ቢላዋው ጉልበታቸው ሥር ተቀምጦ ወዲያ ይፈልጉታል፤ እምዬ ምንም ሳትናገር አንሥታ መዳፋቸው ላይ ታኖረዋለች። አንድ ቦታ ላይ እኔ ፊት ለፊታቸው ካሜራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ «ቤዛ የት ሄደች?» ብለው ስለ እኔ እምዬን ይጠይቋታል። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ፣ አያስፈልግም ብዬ ቆርጬ ጥየው ነበር። አባታችን አያዩም እኮ!

በማግሥቱ ቤት ሄድሁ። እምዬን ጓሮ ወስጄ ብጠይቃት እንባዋ ቀደማት። ታውቅ ነበር፤ አባባ ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብለው አስምለዋት ኖሯል። አንቺ በስልክ ፊትሽን ስታሳያቸው «አምሮብሻል» የሚሉሽም ድምፅሽን ሰምተው ብቻ ነው። አባባን ለምን እንደ ደበቁን ስጠይቃቸው፣ «መሰረት ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። አንቺም ትምህርትሽን ትተሽ እኔን ልትመሪ ትቀመጫለሽ። እኔ እንደሆንሁ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ለምጄዋለሁ ሲሉ ልክ ስለ ብርድ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ለሕክምናው እሺ አልል ብለው አስቸገሩን። ኋላ በእምዬ ልመና ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ የግራው ዓይን ጅማቱ እንደ ሞተ፣ ቀደም ብለን ብንመጣ ግን ይተርፍ እንደ ነበር ነገረን። የቀኙ ሞራ ነበርና በቀዶ ሕክምና ተገፈፈ። ዛሬ በአንድ ዓይናቸው ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው ይለያሉ።

ፊልሙን እንደ ገና ሠራሁት። ሙዚቃውን አወጣሁ፤ እጃቸው እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ የእምዬንም እጅ አልደበቅሁም። ለማንም ከማሳየቴ በፊት ላፕቶፕ ይዤ ወደ አባባ ሄድሁና፣ ካልወደዱት እንደማጠፋው ነገርኋቸው። ዓይናቸውን አስጠግተው ትንሽ እንዳዩ አስቆሙኝ።

«ይህ ሽማግሌ ማነው?» አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ፈገግ አልሁ፤ አልቀለዱም፤ የገዛ ፊታቸውን ካዩ ዓመታት አልፈው ኖሯል። እርስዎ ነዎት አልኋቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ። ወደ እምዬ ዞሩና ሽበቷን አዩ፤ ብዙ አዩዋት። ከዚያ፣ «ቀጥይ፤ እንዳትቆርጪ» አሉኝ።

አባባ ግንባርሽን ስመውሻል። እምዬ ስምሽን ሳትጠራ አታድርም። አክስታችን ቦሰና ምርቃቷን ልካልሻለች፤ ታናሻችን ተስፋው ቁመቴ አልፏታል በይልኝ ብሏል። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ ቤዛ ወልደ ጻድቅ
ሰቆጣ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.